በጮቆርሳው ላይ የተገኘችው ቀንድ አውጣ

ሰው ከፍጥረት መማር አለበት እያልኩ ልጆቼን አሳድጌአለሁ። ከጉንዳን ትጋትን፣ ከንብ ሥርዓትን፣ ከአህያ ትዕግሥትን አስተምሬአቸዋለሁ፤ ተማሩ አልተማሩ ሌላ ነገር ነው። ከቀንድ አውጣ ትምህርት ይገኛል ብሎ ያሰበ ግን በነቀምቴ ከተማ አልነበረም። እኔም ብሆን ትልቋን ልጄን ለመዳር ጥቂት እስኪቀረኝ ድረስ፣ ይልቁንም ላለመዳር ጥቂት እስኪቀረኝ ድረስ፣ አላሰብኩትም።

በጃንሆይ ዘመን ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የመንግሥት ጥብቅ ደን ጠባቂ ነበርኩ። ቤቴ ጨለለቂ ሰፈር ነው። ተማሪ ቤት አልገባሁም። ፊደል ያስቆጠረኝ አንድ ደግ ወንጌላዊ ነው፤ አማርኛውን ያቀናሁት ደግሞ ባለሱቁ ስኳር በሚጠቀልልበት የጋዜጣ ቁራጭ ነው። በዚህ የተነሣ የብዙ ወሬ መጨረሻ ሳላውቅ ቀርቻለሁ፤ ሆኖም ከማያነብ ጎረቤቴ እሻላለሁ ብዬ እኮራ ነበር።

በሥራዬ ጥብቅ ነበርኩ። ጭራሮ የለቀመች አሮጊት እንኳ ብትሆን ሳልመክር አላሳልፍም። ከምክሬ ቅጣቱን የመረጡ ሰዎች እንደ ነበሩ አውቃለሁ፤ አንዱማ «አባ ቦሶና፣ እባክህ እሰረኝና ንግግሩን ተወው» ብሎኛል። አባ ቦሶና የሚሉኝ ለዚህ ነው፤ በአገራችን ቋንቋ የጫካው አባት ማለት ነው። እኔ እንደ ማዕረግ እቆጥረው ነበር።

አንድ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ አለቃዬ አንድ ፈረንጅ ይዞ መጣና ደኑን አሳየው አለኝ። ዶክተር ነው አለ። ዶክተሩ መጽሐፍ በመሰለ አማርኛ ቀንድ አውጣ ማየት እንደሚፈልግ ነገረኝ።

«ጉሬዛ አለን» አልኩት።

«ቀንድ አውጣ» አለ።

«ነብርም አልፎ አልፎ ይታያል።»

«ቀንድ አውጣ።»

ሰውየው ለዚህ ብሎ ያቋረጠውን ባሕር ሳስበው አዘንኩለት። የከተማው ሰው ግን ዶክተር የሚለውን ብቻ ሰምቶ ኖሮ በማግስቱ የደኑ በር ላይ በሽተኛ ተሰልፎ ጠበቀን። ዶክተሩ የአንዱን ሽማግሌ ምላስ ትንሽ አየና «እኔ የቀንድ አውጣ ሐኪም ነኝ» አለ። ሽማግሌው ግን ተነሥቶ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ዳነም። የዶክተሩ ስም እስከ ጎረቤታችን ዲጋ ወረዳ ድረስ ተጠራ።

ሥራው እንዲህ ነበር። ደኑን እንደ ሰፈር ከፋፈለው፤ ቅጠል የሚበሰብስበት የትልልቅ ዛፎች ሥር፣ የቡናው ጥላ፣ የአለቱ ግድግዳ፣ የሣሩ ሜዳ፣ የምንጩ ዳር። በየሰፈሩ በገመድ አራት ማዕዘን ይለካና በእጅና በጉልበት እየዳኽን እንፈትሻለን። የበሰበሰውን ቅጠል በወንፊት እንነፋለን። ወንፊቱ የሚስቴ ነበር። ልመልስላት ስል «እርስዎ ዘንድ ይቆይ፤ ከእንግዲህ ዱቄት የለኝም ብዬ እኖራለሁ» አለችኝ። ባለቤቴ ሁልጊዜ በአክብሮት ታናግረኛለች፤ በተለይ ስትሰድበኝ።

በመጀመሪያ ዓይኔ ምንም አላየም። ቀንድ አውጣ ቀንድ አውጣ ነው። ኋላ ግን ፊደል መቁጠር የጀመርኩ ያህል ሆነብኝ፤ አንዱ ከሌላው ይለይ ጀመር። በቅጠሉ ብስባሽ ውስጥ ምስር የምታህል ጠፍጣፋ አለች። ከእርሷ ጋር እንደ ወስፌ የሾለች ረጅም አለች። በአለቱ ላይ ያለችው አፏን በነጭ ሽፋን አትማ በጋውን ሙሉ ትተኛለች፤ እርሷን አላመሰገንኳትም። በቡናው ጥላ ያለችው ደግሞ በጀርባዋ ያዘለችው ቤት ከጥፍር አይበልጥም፤ ብትፈልግም አትገባበትም፤ ገላዋ ሁሉ ውጭ ይጎተታል። «ከአቅሟ በላይ የምትኖር ናት» አልኩት ዶክተሩን። «ቤቷን ትታ ለመሄድ መንገድ የጀመረች ናት» አለኝ። እኔ እንደ ስንፍና፣ እርሱ እንደ ጉዞ አየው። ሌላ ጊዜ ደግሞ «ቀንድ አውጣ ቤቱን ተሸክሞ ይኖራል፤ ጎረቤቱን አያስቸግርም» ብዬ ምሳሌ ብሰጠው፣ «ጎመን ተክለህ ታውቃለህ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ከሁሉም የወደድኳት የምንጭ ዳሯን ነበር። ቅርፊቷ ስስ፣ ቀለሟ ማር፤ ፀሐይ ላይ ስትይዛት ውስጧ ይታያል። በደኑ ሁሉ ፈልገን ከዚያች ምንጭ ዳር በቀር የትም አላገኘናትም። ዶክተሩ «ይህች ውሃ ካልሸተታት አትኖርም» አለኝ። ምን እንደምትበላ እንድመለከት ጥቂቱን በጠርሙስ አድርጎ ቤት አስቀምጥልኝ አለ። አስቀመጥኩ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ጠርሙሱ ባዶ ነው። ድመታችን አጠገቡ ተጋድማ ነበርና ስለ ስስት ረጅም ምክር መከርኳት። ዶክተሩ ሌላ ሰበሰበ፤ በኅዳር ግድም ዕቃውን ጭኖ አገሩ ገባ። እኔም የነቀምቴ ብቸኛ የቀንድ አውጣ ዐዋቂ ሆኜ ቀረሁ። ጠያቂ ግን አልነበረኝም።

አሁን ወደ ልጄ ልመለስ።

ከዶክተሩ ጋር በምንዳክርበት ወራት አንድ ወጣት በደኑ ዳር ባለው መንገድ ያልፍ ነበር። የዲጋ ልጅ ነው፤ ነቀምቴ ክሊኒክ ውስጥ ቁስል የሚያጥብ ድሬሰር ሆኖ ይሠራል። አንድ ቀን እኔ ከወደቀ ግንድ ሥር ራሴን አስገብቼ፣ መቀመጫዬን ወደ ሰማይ ሰጥቼ አንዲት ቀንድ አውጣ ስከተል ደረሰ። ሰላም ሊለኝ ጀምሮ ሳቀ። ይቅርታ ጠይቆ እንደገና ሳቀ። ከመንገዱ ማዶ ሆኖም ሲስቅ ይሰማኝ ነበር። ምራቁን ያልዋጠ ነው ብዬ ፈረድኩበት። ትልቋን ልጄን ቁስል ለማሳጠብ ክሊኒክ በሄደች ጊዜ እንዳያት፣ እርሷም ቁስሉ ከዳነ በኋላ ለማሳጠብ እንደምትሄድ፣ አላወቅሁም ነበር።

በጥር ከዲጋ ሦስት ሽማግሌዎች ማለዳ ከደጄ ቆሙ። በአገራችን ልጅ ለመጠየቅ የመጣ ሽማግሌ ጮቆርሳ ይይዛል፤ አማራው ሰርዶ የሚለውን ሣር። እርጥብ ነው፤ ዘር ይብዛ፣ ኑሮ ይለምልም ማለት ነው። የልጅቱ አባት ሣሩን ከተቀበለ እሺ ብሏል፤ ካልተቀበለ ሽማግሌው ሳይቀመጥ ይመለሳል። ነገሩ ለማን እንደሆነ ስሰማ ያ ሳቅ በጆሮዬ መጣና «ከዘመድ ልማከር» ብዬ ሰደድኳቸው።

በየካቲት ተመለሱ። የያዙት ጮቆርሳ ጫፉ ቢጫ ነበር። ምክንያት አገኘሁ።

«አባቶቼ፣ ይህ ሣር ደርቋል» አልኩ። «ደረቅ ሣር ይዞ ልጅ የሚጠይቅ ቤት፣ ልጄን ደረቅ ኑሮ ያኖራታል።»

ከሦስቱ ዋናው ተናጋሪ ቀጭን፣ ምላሱ እንደ አዲስ ምላጭ የሆነ ሽማግሌ ነበር። «አባ ቦሶና፣ በጋ ነው እኮ» አለ። «ከዲጋ እስከዚህ ያለው ሣር ሁሉ እንደኛ ሸብቷል። እርጥብ ያለው አንተ በምትጠብቀው ደን ውስጥ ብቻ ነው፤ እዚያ ደግሞ አታስገባንም።»

«አላስገባም።»

«እንግዲያ ዝናብ እንዲዘንብ እንጸልይ?»

«መጸለይ መልካም ነው» አልኩ።

ሽማግሌው አየኝ። «እንጸልያለን። አንተ ግን ይህን ዕወቅ፤ ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ይመጣል። አራተኛ የለም። የልጁ አባት ሌላም ደጃፍ ያውቃል።»

ጓዳ ውስጥ ዕቃ ሲንኳኳ ሰማሁ። ልጄ ሳህን እያጠበች ነበር። ሳህኑ ምን እንዳደረጋት አልጠየቅሁም።

ለሦስተኛ ጊዜ የመጡት ከሳምንት በኋላ ነው። «አካም ቡልታን» አሉ፤ እንዴት አደራችሁ ማለታቸው ነው። «ነጋ» ብዬ መለስኩ፤ ደኅና ነን። ቀጭኑ ሽማግሌ ከጋቢው ሥር አንድ እቅፍ ጮቆርሳ አወጣ። እንዲህ ያለ አረንጓዴ በዚያ በጋ አላየሁም። ጤዛው ገና ይንጠባጠባል። ምክንያቴ ሁሉ አለቀ። እጄን ልዘረጋ ስል ከአንዱ ዘለላ ላይ አንዲት ማር የመሰለች ቀንድ አውጣ ሁለቱን ቀንዶቿን አውጥታ አየችኝ።

እጄን መለስኩ።

«ይህ ሣር የት ታጨደ?»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። «ሣር የዋቃ ነው» አለ ቀጭኑ።

«ያበቀለው እግዚአብሔር ነው፤ የሚጠብቀው ግን እኔ ነኝ። ይህች ቀንድ አውጣ ከምንጩ ዳር በቀር የትም አትኖርም። ምንጩ ደግሞ በጥብቁ ደን መካከል ነው። ልጄን ልትጠይቁ የመጣችሁት የመንግሥት ሣር ሰርቃችሁ ነው!»

«በቀንድ አውጣ ነው የምትከሰን?» አለ ሁለተኛው ሽማግሌ።

«ከእናንተ ይልቅ እርሷ እውነት ትናገራለች። የት ነው ያጨዳችሁት?»

ዝም አሉ። ሦስተኛው ወፍራም ሽማግሌ በመጣ ቁጥር አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም፤ እርሱ እንኳ ሊናገር አፉን ሲከፍት ቀጭኑ በክርኑ ጎሸመውና እንዲህ አለ፦ «እሺ። ሰርቀናል። ውሰደን።»

ይህን አልጠበቅሁም። ነገር ግን ሕግ ሕግ ነው። ለጎረቤት የጸና ለአማችም ካልጸና ሕግ አይባልም። የሥራ ካፖርቴን ለበስኩ፤ ሣሩን ከነቀንድ አውጣዋ ኤግዚቢት ብዬ ለቀጭኑ አስያዝኩትና ወደ ጽሕፈት ቤታችን ጉዞ ጀመርን። ባለቤቴ ከበሩ ቆማ «ሦስት ሽማግሌና አንዲት ቀንድ አውጣ! ነብርማ ቢያጋጥምዎ እንዴት ሊሆኑ ነው?» አለች።

መንገዱ በገበያው ነው። ይህንም ማሰብ ነበረብኝ። ሰው ያየው ምንድን ነው? የልጅቱ አባት ካፖርቱን ለብሶ ከፊት፣ ሦስት ሽማግሌዎች እርጥብ ጮቆርሳ ይዘው ከኋላ። የመጀመሪያዋ በርበሬ ሻጭ ከመቀመጫዋ ሳትነሣ እልልታውን ለቀቀችው። ጎረቤቷ ተቀበለቻት። እልልታው ከእኛ ቀድሞ ሽቅብ ወጣ።

«አባ ቦሶና፣ እንኳን ደስ አለህ!»

«እስረኞች ናቸው!» አልኩ።

«ያገባ ሁሉ ይታሰራል!» አለችኝ በርበሬ ሻጯ።

ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ቀና አለ። «ሠርጉ የት ነው?»

«ወደ ጽሕፈት ቤት ነው የምንሄደው!»

«ጥሩ አሰብክ፤ ግቢው ሰፊ ነው። ዳስ ያስጥላል።»

ዞሬ ብመለከት ቀጭኑ ሽማግሌ በግራና በቀኝ ራሱን ዝቅ እያደረገ ምስጋና ይቀበላል። «ምን እያደረጉ ነው?» አልኩት። «ሰላምታ ሲሰጡኝ ልሰድባቸው?» አለ። ሁለተኛው አጎንብሶ ይሄዳል፤ እንባውን የሚደብቅ መስሎኝ ልቤ ሊራራ ጀምሮ ነበር፤ ኋላ ግን ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ሳቅ መሆኑ ገባኝ። ወፍራሙ ጫማው ጠብቦት ስለ ነበር «ልረፍ» አለ፤ የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነበር። ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ሲቀመጥ ባለሱቁ ለሽምግልናው ክብር ለስላሳ ከፈተለት። እስረኛዬ ለስላሳውን ጠጥቶ እስኪጨርስ ቆሜ ጠበቅሁ። ከዚያ የከፋ ጥበቃ በዕድሜዬ ጠብቄ አላውቅም።

ከዚያው ሳንነሣ ልጄ ደረሰች። ራሷን ሳትሸፍን፣ ሴት ልጅ በገበያ መካከል ልብሷን ሰብስባ እየሮጠች። ያስተማርኳት ጨዋነት ሁሉ ከኋላዋ መንገድ ላይ ሲወድቅ ያየሁ መሰለኝ።

«አባኮ፣ ይቁሙ!» አለች። አባቴ ማለቷ ነው። «እነርሱ አልሰረቁም። ሣሩን ያጨድኩት እኔ ነኝ።»

ቀጭኑ ሽማግሌ ዓይኑን ጨፈነ። «ልጄ፣ ምነው ዝም ብትይ» አለ። «ታስረንልሽ እናልፈው ነበር።»

ያን ጊዜ ነው ዝምታቸው የገባኝ። ልጅቱ ራሷ ለሽማግሌ ሣር አቀበለች ከሚባል እነርሱ ሌባ መባልን መርጠዋል። ሦስት ሸበቶ ሰዎች የልጄን ስም ሊሸፍኑ በገበያ መካከል ሲነዱ፣ የምነዳቸው እኔ አባቷ ነበርኩ። ይህን ስጽፍም ጆሮዬ ይግላል።

ያን ጊዜ ግን አፌ ገና አልተሸነፈም። «አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጥብቅ ደን የምትገቢው?»

«ደን አልገባሁም። ከጓሯችን ነው።»

«ጓሯችን ያቺ ቀንድ አውጣ የለችም!»

«ይምጡና ይዩ» አለች።

ተመለስን። አሁን ከኋላችን የሚከተለው ሰው በዝቶ ነበር፤ እልልታውም እንደዚያው፤ ሽማግሌና የልጅቱ አባት ሲመላለሱ ማየት ለሕዝቡ ደስታው ሁለት ጊዜ ሆነለት። ደጄን ዘግቼባቸው ወደ ጓሮ ዞርኩ። የዕቃ እጣቢው የሚወርድበት ቦይ ዳር ጎደሬ ተተክሏል፤ ከጎደሬው ሥር ጮቆርሳው በጋ መሆኑን ሳይሰማ ተንዠርግጓል። ግማሹ ታጭዷል። ተንበረከክሁ። በጎደሬው ቅጠል ጀርባ፣ በሣሩ ሥር፣ በድንጋዩ ጥላ፣ የእኔ ማር የመሰሉት ከነልጆቻቸው ሰፍረዋል።

«ከየት መጡ?» አልኩ።

«ከጠርሙሱ ነዋ» አለች ባለቤቴ ከበስተኋላዬ። «ከልጆቼ ጋር አንድ ጣራ ሥር አይኖሩም ብዬ ደፋኋቸው። ውሃ ካልሸተታቸው አይኖሩም ብለው አልነበር? እጣቢዬ ሸተታቸው።»

«እኔ እኮ ድመቷን...»

«አዎ፣ ስለ ስስት መከሯት። ዝም ያልኩት እኔን ከሚመክሩኝ እርሷን ቢመክሯት ብዬ ነው።»

ቀጭኑ ሽማግሌ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ አንዷን በጣቱ አነሣ። «ይህች ናት የመሰከረችብን?» አለ። «አንተ ቤት ያደገች ምስክር!»

ተነሥቼ ልጄን አየሁ። እጇ ገና አረንጓዴ ነበር። አባት ልጁን ስለ ጋብቻዋ አይጠይቅም፤ እኔም የመጠየቅ ልማድ አልነበረኝም፤ ጥያቄ ስጀምር ምክር ይሆንብኛል። ያን ቀን ግን የምመክረው ጠፋኝ።

«ለምን አደረግሽው?»

«እርጥብ ሣር ነበር የፈለጉት» አለች። «ሦስተኛቸው ነበር። አራተኛ የለም ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ያን ልጅ ይህን ያህል?»

ዝቅ ብላ አየች። ከዚያ ቀና አለች። «ይስቃል» አለች። «በእኛ ቤት ማንም አይስቅም፣ አባኮ።»

ባለቤቴን ጨምሮ ሁሉም የምቆጣ መስሏቸው ይጠብቃሉ፤ እኔም ቁጣው እንዲመጣ ጠበቅሁት፤ አልመጣም። የመጣብኝ አንድ ነገር ነው፤ ልጄ በዚህ ቤት ያደገችበትን ዘመን ሁሉ ወደ ኋላ ሄጄ አንድ ሳቅ ፈለግሁ። ዶክተሩ እንዳስተማረኝ በየሰፈሩ ፈተሽኩ። ቡና ጥላው ነበረ፣ አለቱ ነበረ፣ ምንጩ አልነበረም። ልጆቼን መልካም ሰው አድርጌ አሳድጌአለሁ፤ ይህን አልክድም። ቤቴን ግን ደረቅ አድርጌው ነበር፤ የደረቀው የዲጋዎቹ ሣር አልነበረም።

በሁለት እጄ ጮቆርሳውን ተቀበልኩ።

ቀጭኑ ሽማግሌ ወዲያው መመረቅ ጀመረ፤ ሐሳቤን እንዳልለውጥ ፈርቶ ይመስለኛል፤ በጣም ቸኮለ። «ዘራችሁ ይብዛ፣ ደጃችሁ አይዘጋ» ሲል ሌሎቹ «አሜን» ይላሉ፤ ደጄ ግን በእኔው እጅ ተዘግቶ ሕዝቡ በላዩ ይደበድበው ነበር። ምርቃቱ ሲያልቅ አንድ ቃል አለኝ አልኩ።

«አሁንም ቃል አለው» አለች ባለቤቴ።

«ለሠርጉ ዳስ ከጥብቁ ደን አንድ ቅርንጫፍ፣ አንድ ቅጠል እንዳይቆረጥ። አማች ብትሆኑም እይዛችኋለሁ።»

«በዚህ ይሁን» አለ ቀጭኑ። «ታዲያ የዳሱን ቅጠልና የሚጎዘጎዘውን ሣር ከየት እናምጣ?»

«ከየትም። ከእኔም ጓሮ ቢሆን። ደኑን ብቻ አትንኩ።»

ይህን ሳልመዝን ነው የተናገርኩት። የዲጋ ሰዎች ግን ቃል ያከብራሉ። ከፋሲካ በኋላ ሠርጉ ሊደርስ ሲል ገጀራና ማጭድ ይዘው እየዘፈኑ መጡና የሙዙን ቅጠል፣ የባሕር ዛፉን ቅርንጫፍ፣ ጎደሬውን፣ ጮቆርሳውን፣ ለአጥር የተከልኩትን ሳይቀር ሙልጭ አድርገው ጫኑት። ሙሽራው ራሱ ከመካከላቸው ነበር፤ እየሳቀ ያጭዳል። የሸክሙን ጫፍ ይዤ ወደ ጋሪው ረዳሁት፤ ምን ላድርግ።

በሠርጉ ማግስት አለቃዬ ሊጎበኝ ሲመጣ ደኑን አዞርኩት። አንድ ቅጠል አልጎደለበትም። ሲመለስ በቤቴ በኩል አልፎ ጓሮዬን አየና ደንግጦ ቆመ። «እዚህ ምን ወረደ?» አለኝ።

«ልጄን ዳርኩ» አልኩት።